የቢጫዋ ቫን ሽታ

«ሽማግሌው ሾፌር እየጠጣ ነው ልጆቻችንን የሚያመላልሰው። አንቺ እስካሁን አልሰማሽም እንዴ?»

ይህን በስልክ የምታወራው ወጣት ሴት ከዝናቡ ሸሽታ በዮንሲል መኪና ማጠቢያ በር ላይ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ቆማለች። ዮንሲል ደግሞ በዚያ ሰዓት ግማሽ አካሏ የዚችው ሴት መኪና ውስጥ ነበር። ተንበርክካ የኋላ ወንበሩ ጨርቅ የጠጣውን የሕፃን ወተት እያወጣች ነው። ወተት ቀልድ አያውቅም። የኮሪያዋ ዴጉ ከተማ በሐምሌ ሙቀቱም እርጥበቱም አንድ ላይ ስለሚመጣባት፣ ትናንት የፈሰሰ ወተት ዛሬ ይሸታል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ መኪናዋን ሽጣት ሽጣት ያሰኛል። ዮንሲል ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ ታረጥባለች፣ ሳሙናዋን በጠብታ ታሳርፋለች፣ በለስላሳ ብሩሽ ታሸትና በመምጠጫው ማሽን መልሳ ትስበዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበት ሥራ ስለሆነ እጇ ብቻውን ይሄዳል። ጆሮዋ ግን ሥራ ፈት ነበርና በሩ ላይ ተተክሎ ቀረ።

የሴትዮዋን ስም ዮንሲል አታውቀውም፤ መዝገቡ ላይ «የዳኡል እናት» ብላ ነው የጻፈቻት። የዳኡል እናት ስልኳን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው እያዛወረች ነገሩን ከሥሩ ተረከችው። የሕፃናት ማቆያው ቢጫ ቫን በሩ ሲከፈት የመጠጥ ቤት ሽታ ይወጣዋል። ግንቦት ላይ ሸተተ፣ ጠፋ። ሰኔ ላይ ሸተተ፣ ጠፋ። ይኸው ዛሬ ጠዋት ከበፊቱ ብሶ መጣ። ዳይሬክተሯ ሾፌሩን ሁለት ጊዜ የትንፋሽ መለኪያ አስነፍታዋለች፣ ሁለቱንም ጊዜ ዜሮ አለ። ይበል! መሣሪያውን ልመን ወይስ አፍንጫዬን፣ አለች የዳኡል እናት። ጠዋት አይጠጣ ይሆናል፤ ልጆቹን አድርሶ መኪናውን ካቆመ በኋላ እዚያው ተቀምጦ እንደሚለጋው ማን ያውቃል? ለማንኛውም ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እናቶቹ ሁሉ በር ላይ ይገናኛሉ፣ ዳይሬክተሯም ትኖራለች፣ ነገሩ ካልጠራ ከነገ ጀምሮ ሌላ ሾፌር ይመጣል።

በዚያ ሰፈር ቢጫ ቫን ሞልቷል። ለሕፃናት ማቆያ የሚሠራ ሽማግሌ ሾፌር ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የዮንሲል ታላቅ ወንድም ቾልጉ ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከከተማ አውቶቡስ ጡረታ ወጥቶ ሁለት ዓመት ግድግዳ ሲያይ ከረመና፣ በዚህ ሚያዝያ ያቺን አሮጌ ቫን ገዝቶ ቢጫ ቀለም አስቀብቶ ሥራ ሲጀምር ዳግመኛ የተወለደ መሰለ። ኮፍያውን አውልቆ ለሦስት ዓመት ሕፃን ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል ሰው ነው። ዮንሲል ምላሷ በላት። ወጥታ «ወንድሜን ነው የምታሚው» ልትላት ተነሳችና መልሳ ተንበረከከች። ያስነሳት ቁጣ ነው፤ መልሶ ያንበረከካት ግን እፍረት ነበር። እሷም ወንድሟን ጠርጥራዋለችና።

ግንቦትም ሰኔም ያቺን ቫን ያጠበችው ራሷ ናት። ሁለቱንም ጊዜ እርጥቡን ቦታ ያገኘችው በሾፌሩ እግር ሥር ነው። አፍንጫዋን ወደ ምንጣፉ ዝቅ ስታደርግ የመጣባት ሽታ የአባታቸው የጭነት መኪና ሽታ ነበር፤ አባታቸው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠጥቶ ጠጥቶ ነው የሞተው። ቾልጉም በጉልምስናው በዚያው መንገድ ሄዶ ነበር። መጠጥ ካቆመ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፣ ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት የማይሄድበት ቀን የለም። ዮንሲል ምንጣፉን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቁልፉን ሰጠችው፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባል የለ። እሱም አልጠየቃትም። ሁለት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ቾልጉ ከእናታቸው ጋር በሚኖርበት ቤት አንድ ገበታ ላይ እየተቀመጡ ስለ ዝናቡና ስለ ጎመን ዋጋ ሲያወሩ ከረሙ።

የዳኡል እናት መኪናዋን ስምንት ተኩል ላይ እንደምትወስድ ነግራ ስትሄድ ዮንሲል ስልኳን አነሳች። ወንድሟ አራት ሰዓት ላይ ቫኗን አስገብቶ ወረደ፤ በእጁ ትኩስ የተቀቀለ በቆሎ ይዟል። ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። ሦስቱ በሦስት ሺህ ዎን እንደሆነና አምና አራት ይሰጡ እንደነበር ነገራት። ዮንሲልም ዘንድሮ ያልተወደደ ነገር የለም አለች። ሱቋ ሦስት መኪና የሚያስገባ ሲሆን በግራ በኩል የውሃ ቱቦዎች ተጠቅልለው ተሰቅለዋል፣ በቀኝ በኩል ከሩዝ ኬክ ቤት የተሰጣት የቀን መቁጠሪያና የዋጋ ሰሌዳው አሉ። የወንበር ጨርቅ ሰማንያ ሺህ፣ ሙሉ የውስጥ እጥበት መቶ ሃምሳ ሺህ፤ ከታች በቀይ፣ «ሽታው ከተመለሰ በነፃ እንደገና እናጥባለን»። ይህ ቀይ ጽሑፍ ኩራቷ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ የመጣባት ሽታ የገዛ ወንድሟ ቫን ሽታ ብቻ ነበር።

«ተመልሷል» አለ ቾልጉ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ።

«አውቃለሁ» አለች። «ዛሬ ስብሰባ እንዳለም አውቃለሁ።»

እሱም ራሱን ነቀነቀና ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ በቆሎውን መፈልፈል ጀመረ። አልበላም፤ ፍሬ በፍሬ እየፈለፈለ አጠገቡ ባለው ባልዲ ክዳን ላይ ያስቀምጠዋል።

በሩን ስትከፍተው የሎሚ ሽቶ፣ የጥድ ሽቶና ማኮሊ የሚባለው የሩዝ ጠላ ተቀላቅለው ፊቷን መቷት። ቾልጉ ከመስተዋቱ ላይ አራት የሽቶ ካርቶን ሰቅሏል። ሽታን በሽቶ ላባርር ማለት ሌባን ሌባ እንዲጠብቀው መቅጠር ነው ብላ ደንበኞቿን የምትቆጣ ሴት፣ በወንድሟ ላይ ለመቆጣት አቅም አጣች። ካርቶኖቹን ነቅላ ጣለችና በሾፌሩ እግር ሥር ተንበረከከች። አዎ፣ እርጥብ ነው። ከዚያም፣ ይህን አንድ ቦታ ብቻ አጥባ ሁለት ጊዜ ተሸንፋለችና፣ ዛሬ ወለሉን አንድ ስንዝር ሳታስቀር በአፍንጫዋ ልትፈትሽ ቆረጠች። በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ተሳፋሪው ወንበር ዞረች። እዚያም እርጥብ ነው። ይኼ ምን ማለት ነው? የኋላ መቀመጫዎቹን አነሳች። ቫኗ የቀድሞ ባለቤቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምንጣፍ ያለበሳት ናት፤ የኋላ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ጎበጥ ብለው በወጡበት ቦታ ሳይቀር ምንጣፍ አለ። በግራው ጉብታ ላይ አንድ እርጥብ ክብ፣ በቀኙ ጉብታ ላይ አንድ እርጥብ ክብ። አራት ቦታ፣ አራቱም እኩል መዳፍ የሚያህሉ። ሰካራም መቼም ለክቶ አያፈስም።

በክቦቹ ዙሪያ የደረቀ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ። ባለፈው ጊዜም አይታዋለች፣ ግን የራሷ ሳሙና በደንብ ሳይታጠብ የቀረ መስሏት አፍራ በእርጥብ ጨርቅ አልፋው ነበር። አሁን ጣቷን ውሃ ነክራ አሸችው። ሳሙና ቢሆን አረፋ ያወጣ ነበር። ይኼ አረፋ አላወጣም፤ የግድግዳ ወረቀት እንደሚለጠፍበት ሙጫ ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ሩዝ ነው። የማኮሊ አተላ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በአተላ ላይ አተላ ሲፈስ፣ የላዩን አጥባ ታደርቃለች እንጂ ከሥር የቀረው ሩዝ ተቀምጦ ይኮመጥጣል። ቀና ብላ የቀን መቁጠሪያውን አየች። ከትልልቆቹ ቁጥሮች ሥር በጥቃቅኑ የጨረቃው ቀን ተጽፏል፤ ዛሬ መባቻ ነው። የሰኔውንም የግንቦቱንም እጥበት መዝገቧን ገልጣ አመሳከረች። መባቻ፣ መባቻ።

አዲስ መኪና የገዛ ሰው መንገዱ ሰላም እንዲሆን በአራቱም ጎማ ላይ ማኮሊ እንደሚያፈስ በዚያ አገር የማያውቅ የለም፤ የድሮ ሰዎችማ በየጨረቃው መባቻ ይደግሙታል። ዘመናዊ ነኝ የሚለው እንኳ ሚስቱ እያየችው እያፈረ ያፈሳል። ቾልጉ ግን ቫኗን ሲገዛ ይህ ባዕድ አምልኮ ነው፣ በቤቴ አይደረግም ብሎ እናቱን አፍ አስይዞ ነበር። እናትየውም እሺ ብላ ዝም አለች። ዮንሲል አሁን ስታስበው፣ የሰማንያ ስድስት ዓመቷ እናቷ ቡንዮ በሕይወቷ እሺ ብላ ዝም ያለችበት ሌላ ቀን ትዝ አላላትም።

ኮምጣጤ ላመጣ እማ ጋ ደርሼ ልምጣ አለችው ወንድሟን፤ ኮምጣጤው በጀሪካን አጠገቡ ተቀምጧል፣ ልብ አላለም። ጃንጥላዋን ይዛ በጠባቡ መንገድ አምስት ደቂቃ ሄደች። እናቷ ከወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ ኮት የለበሰ ሰው ይዘፍናል። ከበሩ ጀርባ የቾልጉ ቁልፎች መስቀያ ሚስማር አለ። ዮንሲል ጫማዋን አውልቃ ገባችና ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«እማ፣ ቫኗ ውስጥ ምን ስታደርጊ ነው የከረምሽው?»

«የትኛዋ ቫን?»

«ስንት ቫን አለን ደግሞ!»

ቡንዮ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ላጠች። ሦስተኛውን ስትጀምር ተናገረች። ከውጪ እንዳታፈስ ጎረቤት ያያታል፣ ጎረቤት ካየ ደግሞ ለቾልጉ ይነገራል። ጉልበቷም እንደ ድሮው ወደ ጎማ አያጎነብስላትም። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስታየው ግን ጎማው ወደ ውስጥም ብቅ ብሏል። «ጀርባውን ካገኘሁት ፊቱ ምን ያደርግልኛል?» አለች። ሰዓቱንም ስትመርጥ ልጇ ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት የሚሄድበትን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ በእግሩ ይሄዳል፣ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ይቀራል። «እሱ በሱ በኩል ይጸልያል፣ እኔ በኔ በኩል። አሥራ ሁለት የሰው ልጅ ነው የሚጭነው። በአንድ በኩል ብቻ ይበቃል?»

ዮንሲል ሳቋ ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ ተያዘ። ጠርሙሱ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀች፤ ኪምቺ የሚባለው የኮመጠጠ ጎመን ከሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከፍጅሉ ጀርባ። ለአራት ጎማ የሚፈሰው ደግሞ ሩብ ጠርሙስ አይሞላም። የቀረውን ማን ጠጣው? ቡንዮ ልጣጮቹን ወደ ጋዜጣው መሃል ሰበሰበች፤ የእህል ነገር መጣል ኃጢአት ነው አለች ቀስ ብላ። በዚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጠጥ አልገባም ሲባል፣ የሚጠጣው ሰው የሰማንያ ስድስት ዓመት አሮጊት ኖሯል።

ከዚያ ዮንሲል ወሬውን ነገረቻት፤ እናቶቹን፣ የትንፋሽ መለኪያውን፣ የዘጠኝ ተኩሉን ስብሰባ። የቡንዮ እጅ ቆመ። «ጠጣ ተባለ? እሱ?» አለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው፤ ያውም ዳዋው የገዛ ልጇ። ብዙ አልተቀመጠችም። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች፣ የተሻለ ሸሚዟን ለበሰች፣ ከማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል አንድ ፌስታል ብቅል አወጣች። ለበዓል ጣፋጭ መጠጥ መሥሪያ የምታስቀምጠው ነው። ሩዝ በሳሙና አይለቅም፣ ሩዝን የሚያሟሟው ብቅል ነው፤ ይህን ደግሞ ወጥ ቤት የገባች ሴት ሁሉ ታውቃለች፣ አንቺ ብቻ ነሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሳሙና ስታባክኚ የኖርሽ ብላ ልጇን ገሠጸቻት። አጥፍታም አፍ አላት።

ሱቁ ሲደርሱ ቾልጉ ሁለተኛውን በቆሎ ፈልፍሎ ጨርሷል። ቡንዮ ቆማ ነው የነገረችው፣ ሳትቀባባ፣ ከጠርሙሱ እስከ ቀሪው ድረስ። ቾልጉ ሰማ። ተነስቶ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ወጣና ዝናቡ ውስጥ ቆመ፤ ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ ኮፍያው በእጁ እንዳለ። ዮንሲል ልትጠራው አስባ ተወችው። ቆይቶ ቾልጉ ውሃ እያንጠባጠበ ተመለሰ።

«እኔ ለጸሎት ስሄድ ነው?» አለ።

«አንተ ከጌታህ ጋር ስትነጋገር እኔ ምን ልሥራ? ልተኛ?» አለች እናቱ። «በል ይህን ብቅል አጥልልልኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

አጠለለው። ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ብቅሉን ለብ ባለ ውሃ አሽቶ በነጭ ጨርቅ እያጠለለ ባዕድ አምልኮ ባዕድ አምልኮ ሲል ይሰማ ነበር፤ ድምፁ ግን ከቁጣ ወደ ጉምጉምታ፣ ከጉምጉምታ ወደ ሌላ ነገር እየወረደ ሄደ። ዮንሲል የብቅሉን ውሃ በአራቱ ክቦች ላይ አሳርፋ እንዳይቀዘቅዝ በላስቲክ ሸፈነችው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስትነካው ሙጫው ሙጫነቱን ትቶ ነበር። መምጠጫውን ስታስገባ የሦስት ወር አተላ እየተንተከተከ ወደ ማሽኑ ታንክ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው የሷ እውቀት ነው፤ ብቅሉም ራሱ ከቀረ ይጣፍጣልና ይኮመጥጣል። በንጹህ ሙቅ ውሃ አንዴ፣ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ውሃ ሁለተኛ፣ እንደገና በንጹህ ውሃ ሦስተኛ፤ የሚወጣው ውሃ የገባውን ያህል ጥርት እስኪል ድረስ አልተወችውም። ምንጣፉን ከጠርዙ ገልጣ ከሥሩ ያለውን ብርድ ልብስ የመሰለ ወፍራም ጨርቅ ለብቻ መጠጠችው። ሁለት ማራገቢያና እርጥበት የሚስበውን ማሽን አስገባች። በመጨረሻም ነጭ ጨርቅ አስቀምጣ በተረከዟ ቆመችበት፤ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ተነሳ።

መኪና በሩ ተዘግቶ ሃያ ደቂቃ ሳይቆይ ጸዳ አይባልም፤ ይህም የሷ ሕግ ነው። በሮቹን ዘግታ ሰዓት እያየች ሳለ ነው የዳኡል እናት መኪናዋን ልትወስድ የመጣችው። የገዛ መኪናዋን በር ከፍታ አሸተተች፤ ወተቱ የለም። ፊቷ ፈካ፣ አመሰገነች። ከዚያ ዘወር ስትል ቢጫዋን ቫን አየች፣ ቀጥሎም ኮፍያውን ይዞ የቆመውን ሾፌር አየች፣ ፊቷ ተቆለፈ። ከስብሰባው አንድ ሰዓት ቀርቶት ማሳጠብ ማስረጃ ማጥፋት እንደሆነ፣ ይህንንም ለሁሉም እንደምትናገር፣ ለዮንሲል እንጂ ለሱ ሳትናገር ተናገረች። ዮንሲል ወንድሜ ነው አላት። ሴትዮዋ ቀላች፣ ጠዋት ስልክ ያወራችበት ቦታ ትዝ ሳይላት አልቀረም። ቢሆንም ቃሏን አልመለሰችም፤ በካርዷ ከፍላ መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ዮንሲል ያኔ ነው የገባት። ቫኗን ስትከፍታት ምንም አትሸትም። ምንም አለመሽተት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሎሚም ጥድም ሳሙናም የለበት፣ የጨርቅና የአየር ሽታ ብቻ። በሥራዋ ከዚህ የተሻለ ሠርታ አታውቅም። ግን ሽታውን እንጂ ወሬውን አላጠበችውም። ቾልጉ ጉዳዩ አይነሳ፣ እማን ሰው ፊት አላቆማትም፣ ሥራው ከሄደም ይሂድ አለ። ቡንዮ ግን ወደ ቫኗ ገብታ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቀበቶዋን አሠረች።

ዝናቡ ካፊያ ሆኗል። በማቆያው በር ላይ አምስት እናቶች በአምስት ጃንጥላ ቆመዋል፣ ዳይሬክተሯ መሃል ናት። በሩ ተከፈተ። አንድ በአንድ ራሳቸውን አስገብተው አሸተቱ። አንዷ ምንም የለም አለች፣ ሌላዋም ምንም የለም አለች። የዳኡል እናት አልገባችም። አሁን ከእጥበት ነው የወጣው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወር ሲሞላ ተመልሶ ይመጣል አለች። እውነቷን ነበር። ቾልጉ ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ፤ ያን ጊዜ እናቱ የልጇን ትከሻ ተደግፋ ወረደች።

«ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አለች። «እናቱ ነኝ። ለጎማው ነው ያፈሰስኩት፣ ከውጪ አላስደርግ ቢለኝ ከውስጥ አፈሰስኩት። በየመባቻው።»

እናቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የአንዷ ጃንጥላ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቋን ይዛ ነው። ቡንዮ ግን አልሳቀችም፤ ጨርሳ ካልተናገረች የማትመለስ ሴት ናት። ልጇ ማታ ማታ እራት ላይ ስለ ልጆቹ እንደሚነግራት፣ ስማቸውን ስለማታስታውስ በምልክት በምልክት እንደምትጠራቸው ነገረቻቸው። እያፈሰሰች የምትለውንም አለችው፤ ለዚያች ሁልጊዜ በግራ በኩል ለምታንቀላፋው፣ ለዚያ ነገር ሁሉ ለምን ለምን ለሚለው፣ ለዚያች አሻንጉሊቷን ካላሳፈሩላት ለምታለቅሰው፣ ለዚያ ፀሐይ ቢወጣም የዝናብ ቡት ጫማውን ለማያወልቀው።

የዳኡል እናት ጃንጥላዋን ዝቅ አደረገች። «ቡት ጫማው የኔ ልጅ ነው» አለች። ድምፁ የጠዋቱ ድምፅ አልነበረም። «ለሱም... አፈሰሱለት?»

«የሱንማ ጨመር አድርጌ ነው። ቀበቶ አላሥርም እያለ ያስቸግራል አሉ» አለች ቡንዮ።

ይኼኔ ዳይሬክተሯ ቀድማ ፈነዳች፣ እናቶቹ ተከተሉ፣ ዮንሲልም ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዋ ላይ ተይዞ የነበረውን ሳቅ ለቀቀችው። የዳኡል እናት ስትስቅ ዓይኗ እርጥብ ነበር። ከዚያ ወደ ቾልጉ ዞረችና እስከ ወገቧ አጎነበሰች፤ ቆይታ ቀና አለች። ባላወቀችው ነገር ስሙን እንዳጠፋች፣ ለነገረቻቸው ሰዎች ሁሉ ዛሬውኑ ደውላ እንደምትነግር ተናገረች። ቾልጉም እሱ ወላጅ ቢሆን እንዲሁ ያደርግ እንደነበር፣ አፍንጫዋም የልጇ ዘብ እንደሆነ ነገራት። የዳኡል እናት ይህን ስትሰማ የባሰ አለቀሰች። ቀጥላ ለቡንዮ፣ በሚቀጥለው መባቻ ከውጪ ጎማው ላይ ይፍሰስ፣ ማኮሊውን እኔ እገዛለሁ፣ እማማ ስታፈስ ጎንበስ የምለውም እኔ ነኝ አለቻት። ሁሉም አገልጋዩን አየ። ቾልጉ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ እኔ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣ የማየው ነገር የለም አለ።

እናቶቹ ቡንዮን ወደ ውስጥ ይዘዋት ገቡ፣ ሐብሐብ ሊያበሏት። ልጆቹ ሊወጡ አሥር ደቂቃ ይቀራል። ወንድምና እህት በቫኗ ጎን በአንድ ጃንጥላ ሥር ቀሩ። ዮንሲል ሳቁ ከላይዋ ሲወርድ ከሥሩ ያለው እፍረት እንደነበረ አገኘችው።

«ጋሼ» አለች። «እኔም ጠርጥሬህ ነበር። ከግንቦት ጀምሮ።»

«አውቃለሁ» አለ ቾልጉ።

«ለምን አልጠጣሁም አላልከኝም? ለምን ዝም አልክ?»

ቾልጉ ኮፍያውን ራሱ ላይ አደረገ፣ መልሶ አወለቀው። «እኔም ጠርጥሬ ነበራ» አለ።

«ማንን?»

«ራሴን።» ወደ ቫኗ ወለል አየ። «በእንቅልፌ የምጠጣ መሰለኝ። ጠዋት ስነሳ እጄን አሸታለሁ። ሰኔ ላይ ከእግሬ ሥር ሲሸተኝ ጊዜ... ያንን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተውኩትና ቀኑን ከአንድ መቁጠር ጀመርኩ። ዛሬ ሠላሳኛ ቀኔ ነው።»

ዮንሲል በጡጫዋ ትከሻውን መታችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እያለቀሰች፣ ደግሞ እየሳቀች። «መልሰው» አለችው። «አሁኑኑ ሁሉንም መልሰህ ቁጠረው።»

ቾልጉ ዓይኑን ወደ ደመናው አንስቶ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ገና ሳይጨርስ የማቆያው በር ተከፈተና ልጆቹ በሁለት ሰልፍ ወጡ፤ ከፊት የሚመራው ቡት ጫማ ያደረገው ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው፣ በብብቱ ይዞ አነሳውና ወደ ቫኗ ሲያስገባው ሂሳቡ ደረሰለት።

«ሰባት ሺህ ከአራት!» አለ።

«ምኑ ነው ሰባት ሺህ?» አለ ልጁ።

«ዕድሜዬ።»

ዳኡል ቀበቶው እስኪታሠርለት ድረስ ፊቱን በደንብ መረመረው። «አባባ ሾፌር» አለ፣ «ያን ያህልስ አትመስልም።»